የደቦ ሒሳብ፦ ያለ ደመወዝ የሚታረስ ማሳ እንዴት ይኖራል?

በምሳ ሰዓት አዲስ አበባ፣ ደምበል አካባቢ ሽሮ በእንጀራ ያዘዘ ሰው በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ ብዙ ነገር ተቆጥሯል። የቤት ኪራዩ፣ የወፍጮው፣ የጭነት መኪናው ነዳጅ፣ የነጋዴውና የደላላው ድርሻ፣ የአስተናጋጇ ደመወዝ ሁሉም አለበት። ጤፉን ያረሰው፣ ያረመው፣ ያጨደውና የወቃው ቤተሰብ ጉልበት ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አልተጻፈም። ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው ሥራውን ለምን ይሠራል? እንዴትስ ከዓመት ዓመት ይዘልቃል? ይህን ለመረዳት ጎረቤቶች በጉልበት የሚረዳዱባቸውን ደቦንና ወንፈልን እንደ ባህል ጌጥ ብቻ ማየት ትቶ እንደ ኢኮኖሚ መመልከት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ከሚመረተው እህል ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚሆነው ከአነስተኛ የቤተሰብ ማሳ ይወጣል። የአንድ ቤተሰብ አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። በአማራ ክልል ገበሬው መሬቱን የሚቆጥረው በሄክታር ሳይሆን በጥማድ ነው። አንድ ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን አራት ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ይሆናል። ልኬቱ ራሱ የተሠራው ከመሬት ስፋት ሳይሆን ከጉልበት ነው፤ ይህም ለስሌታችን ይጠቅመናል።

ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ ጤፍ የዘራ ቤተሰብ እንያዝ። ቁጥሮቹን የያዝኩት ለማስረዳት ነው፤ እንደ አፈሩ፣ እንደ አረሙና እንደ ዝናቡ ይለያያሉ። ጤፍ ልም አፈር ስለሚፈልግ ማሳው ከመዘራቱ በፊት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። አምስት ጊዜ ካልን ለሁለት ጥማድ 10 የበሬ ቀን ነው። ለአረም 20 የሰው ቀን፣ ለአጨዳ 10፣ ለመከመር፣ ለመውቃትና ለማዝራት 8 ቀን እንበል። ድምሩ 48 ቀን ይሆናል። ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲታይ 48 ቀን ለባልና ሚስት ብዙ አይመስልም። ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ አይደለም። የአረሙ 20 ቀን በነሐሴና በመስከረም ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጭቆ ይመጣል፤ የአጨዳው 10 ቀን ደግሞ በኅዳር አንድ ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ካልታጨደ ይረግፋል። ያለ ጊዜው የመጣ የኅዳር ዝናብ የዓመቱን ልፋት በሁለት ቀን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ገበሬውን የሚያስጨንቀው በዓመት ውስጥ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ጉልበት ሳይሆን፣ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ መፈለጉ ነው።

መቅጠር አይቻልም ወይ? እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ቁልፍ ያለው። በአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር ከ20 ኩንታል አይደርስም፤ የግማሽ ሄክታር ባለቤት ዘጠኝ ኩንታል አካባቢ ያገኛል ማለት ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ከዚህ አብዛኛውን ራሱ ይበላዋል። ዘር ይነሣለታል፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የመሬት ግብር አለ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ አለ። ለሽያጭ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ የሚሆነው እህሉ ተወቅቶ ገበያ ከደረሰ በኋላ ነው። ሠራተኛ የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በፊት፣ ኪሱ ባዶ በሆነበት ሰሞን ነው። ነሐሴ የእርሻ ቤተሰብ ጎተራውም ኪሱም የሚሳሳበት ጊዜ ነው፤ አረሙ ደግሞ ገንዘብ እስኪገኝ አይጠብቅም።

ወንፈልም ደቦም የቆሙት በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይናገራቸዋል፤ ሒሳባቸው ግን የተለያየ ነው። ወንፈል አራት አምስት ሰዎች ተስማምተው ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ማሳ ተራ በተራ የሚሠሩበት ነው። ቀን በቀን ይመለሳል። ያልመጣ ሰው ምትክ ይልካል፤ የታመመ ሲሻለው ይከፍላል። ጥማድ በሬ ይዞ የመጣና ባዶ እጁን የመጣ እኩል እንደማይቆጠሩ ሁሉም ያውቃል። ምግቡ ቀላል ነው፤ ቆሎና ጠላ ቢቀርብ ይበቃል። ደቦ ግን አንድ ሰው ጠርቶ ብዙ ሰው የሚመጣበት ትልቅ ሥራ ነው፤ አጨዳ፣ ቤት መሥራት፣ ሰፊ ማሳ ማረስ። ቀኑ በጥብቅ አይቆጠርም፤ ድግሱ ግን ይቆጠራል። ደቦ የጠራ ሰው እንግዶቹን በደንብ ካላበላና ካላጠጣ በሚቀጥለው ዓመት ጥሪው ይቀዘቅዛል። በትግራይ ወፈራ፣ በአንዳንድ የአማራ አካባቢዎች ጅጌ የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

በሌላ አነጋገር ወንፈል ወለድ የሌለው ብድር ነው። ገበሬው ገንዘብ በሌለው ሳምንት ከጎረቤቶቹ ቀን ይበደራል፤ ጊዜ በሚያገኝበት ሳምንት ይመልሳል። የአንዱ ማሳ ደጋ፣ የሌላው ወይና ደጋ፣ አንዱ ቀድሞ የዘራ፣ ሌላው ዘግይቶ የዘራ ሲሆን ደግሞ ብድሩ በጣም ይሠራል፤ ሰብሉ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ተራው አይጋጭም። ሁሉም በአንድ ሳምንት የደረሰባቸው ከሆነ ግን ወንፈል እንደታሰበው አይረዳም፤ የመጨረሻው ተረኛ ፍሬው ሲረግፍ እያየ ይጠብቃል።

ይህ ጉልበት ነፃ ነው የሚል ሰው ከቤት ውስጥ ያለውን ሥራ አላየም። ለሃያ ሰው ደቦ ጠላ ለመጥመቅ ገብስ ይበቅላል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ እንስራ ይታጠናል፣ ውኃ ከወንዝ ይቀዳል፤ ጠላው ደርሶ እስኪጠጣ ቀናት ይወስዳል። እንጀራው፣ ወጡ፣ ንፍሮው፣ እንጨቱ ሁሉ የሴቶችና የልጃገረዶች ጉልበት ነው። ከላይ ባስቀመጥኩት 48 ቀን ውስጥ አንዱም የለበትም። በማሳ ላይ ሃያ ሰው በአንድ ቀን ያጨደውን የምንቆጥር ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ሚስትና ሴት ልጅ በጓዳ ያሳለፉትንም ቀናት መቁጠር ግዴታ ነው። ለድግሱ የወጣው እህልም ከጎተራ የተቀነሰ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ሒሳቡን አስልቶ ደቦ ከመጥራት ሁለት የቀን ሠራተኛ መቅጠር እንደሚሻለው የሚወስነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ውሳኔ የባህል መጥፋት ብቻ አድርጎ ማዘን ትክክል አይመስለኝም።

ብድር ሁሉ የሚሰጠው መመለስ ለሚችል ነው። ወንፈልም እንዲሁ። ሁለት ጎረምሳ ልጆችና ጥማድ በሬ ያለው ቤት ተፈላጊ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ ከሌላ አንድ በሬ ባለው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ በሬዎቹን አጣምረው በተራ ያርሳሉ። በሬ የሌላት፣ ልጆቿ ትናንሽ የሆኑ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወይም እጁ የደከመ አዛውንት ግን የሚመልሱት ቀን የላቸውም። ለእነሱ የሚቀረው መሬታቸውን ለእኩል መስጠት ነው፤ አራሹ ያርሳል፣ ምርቱ ይካፈላል። ዘጠኝ ኩንታሉ አራት ተኩል ይሆናል። በመንደር ውስጥ ከድህነት ወለል በታች የሚወርደው ሰው ብዙ ጊዜ መሬት የሌለው ሳይሆን ጉልበት የሌለው ነው። የበጎ ፈቃድ ጉልበት ትርጉሙን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነውና ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ሩሲያዊው የግብርና ኢኮኖሚስት አሌክሳንደር ቻያኖቭ ቤተሰብ ያለ ደመወዝ ለምን እንደሚሠራ ከመቶ ዓመት በፊት አስተውሎታል። እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራው የገበሬ ቤተሰብ እንደ ድርጅት አያስብም ብሎ ተከራከረ። ድርጅት ደመወዝን ከገቢው ቀንሶ ትርፍ ካጣ ይዘጋል። ቤተሰብ ግን ለራሱ ደመወዝ አይከፍልም፤ የሚመዝነው ተጨማሪውን ድካም ከሚያስፈልገው የምግብ መጠን ጋር ነው። የሚበላ አፍ ሲበዛ፣ ድርጅት በኪሳራ በሚያቆምበት ቦታ ላይ ቤተሰቡ መሥራቱን ይቀጥላል። የአነስተኛ እርሻ ጽናትም ጉስቁልናም ከዚህ ይመነጫል። ቻያኖቭ በስታሊን ዘመን ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1937 ተገደለ።

በእኛ አገርም ሕጉ በአንድ ወቅት የቤተሰብን ጉልበት ብቸኛ መንገድ አድርጎት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ሲወስን፣ በቅጥር ጉልበት ማረስንም ከለከለ። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ሴቶች፣ ለሕመምተኞችና ለአዛውንት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ባለይዞታዎች ግን ፈቀደ። አዋጁ ጭሰኝነትን ያፈረሰ ታላቅ ለውጥ ነበር፤ የጉልበት ክልከላው ግን ሰውን ሁሉ ወደ ቤተሰቡና ወደ ጎረቤቱ ብቻ መለሰው። ክልከላው የላላው መንግሥት በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀን ሠራተኛ በገጠርም ዋጋ አለው።

የዚያ ዋጋ አንዱ ጫፍ ደግሞ እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ ነው። ከደምበል ወደ ካዛንቺስ በእግር የሄደ ሰው የሚፈርሰውንና የሚገነባውን ያያል። ብሎኬት የሚሸከመው፣ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ወጣት አብዛኛው ከገጠር የመጣ ነው። ለእሱ የኅዳር አጨዳ ማለት ከግንባታ ቦታ የሚያገኘውን የቀን ክፍያ ትቶ መሄድ ነው። አባቱ ወንፈል ሲገባ በልጁ ፈንታ የሚልከው ሰው የለውም። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ወጣቱ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ እርሻ ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት የጉልበት ሠራተኛ፣ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ በመንደሩ የአንድ ቀን ጉልበት ዋጋ የሚወሰነው በመንደሩ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ሲጨምር ጎጃምና ሸዋ ውስጥ ደቦ ይሳሳል። በአገራችን ለሁሉም ሥራ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ይህን ዋጋ የሚወስነው ገበያው ነው። ልጁ የሚልከው ገንዘብ ማዳበሪያ ይገዛ ይሆናል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር ሲዳከም ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ስለተወደደ ያ ገንዘብ በጣም ያስፈልጋል። ማሳው ላይ ግን አይቆምም።

ቴክኖሎጂ የእርሻ ሥራን ሲነካ ሁልጊዜ ጉልበት አይቀንስም። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በስፋት የተሰበከው ጤፍን በመስመር መዝራት ዘር ይቆጥባል፤ በእጅ ከሚበተነው እጅግ ያነሰ ዘር ይበቃዋል። ነገር ግን ያቺን ደቃቅ ፍሬ በመስመር ማስቀመጥ ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ ለዚህም ነው ብዙ ገበሬ ሞክሮ የተወው። የግብርና ምክር ሲሰጥ ስለ ኩንታል ብቻ ሳይሆን ስለ ቀንም መነገር ነበረበት። በአንጻሩ የአረም ማጥፊያ ኬሚካል የነሐሴን ጭንቀት አቅልሎታል። በአርሲና በባሌ ስንዴ ላይ ኮምባይነር በኩንታል እየተከፈለው ያጭዳል፤ ደቦው በዚያ የነበረው ቦታ ጠብቧል። የጤፍ ማሳ ግን ጠባብና ተዳፋት ስለሚበዛበት፣ ፍሬውም ስለሚረግፍ፣ አሁንም ማጭድ ላይ ነው፤ በውቂያ ደረጃ ግን ማሽን በየቦታው እየገባ ነው።

ከከተማ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ በዚህ ሁሉ መካከል የት ይቆማል? የቀደመው ታላቅ ምሳሌ የ1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ያስተማሩት ፊደልና ያደራጁት የገበሬ ማኅበር ከሠሩት የእርሻ ሥራ ይበልጣል፤ የእርሻው ጉልበት ከገበሬው ጉልበት ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎን ሲወር ግን የከተማ ነዋሪዎች ወጥተው የደረሰ ሰብል አጨዱ። ያ ጊዜ የሰዓት ጉዳይ ነበር፤ ያልተስተካከለ አጨዳ እንኳ አንበጣ ከሚበላው ይሻላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻም በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማች ቤተሰቦችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተደረገ። በጉልበት ሒሳብ ሲታይ ይህ ትክክለኛውን ቦታ የነካ ነው፤ ወንዱ የሌለበት ቤት በወንፈል ብድር የሚያገኝበት መንገድ የለውምና።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው በነፃ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራም አለ፤ እርከን፣ ክትር፣ ጉድጓድ። የሚሠራው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ እርሻ ሳይጀመር ስለሆነ ለቤተሰቡ የሚጎድለው ቀን ከኅዳሩ ያነሰ ነው። ሆኖም ከላይ ተዳፋቱ ላይ የቆፈረውና ከታች ውኃው የወጣለት ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም፤ ይህ ልዩነት በየቀበሌው ስብሰባ ላይ በግልጽ መነጋገሪያ ቢሆን ሥራው ይበልጥ ይጠነክራል።

በሌላው ዓለምም ሰዎች በእርሻ ላይ በፈቃዳቸው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሱ ኮፓርድ የምትባል የለንደን የቢሮ ጸሐፊ የከተማ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ኬሚካል በማይጠቀሙ እርሻዎች ላይ እንዲሠሩ ያስጀመረችው ነገር ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል፤ በጎ ፈቃደኛው በቀን ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ ባለ እርሻው ያበላል፣ ያሳድራል። በዚያም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል፦ ያለዚህ ጉልበት እርሻው ኪሳራ ላይ ከሆነ፣ ምግቡ በእርግጥ ስንት ነው የሚያወጣው? የእኛው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ያለ ክፍያ የሚሠራው እንግዳ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ መሆኑ ነው።

ከደምበል ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስለ ቤተሰብ እርሻ ብዙ ያወራሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የቤተሰብ እርሻ ዐሥርት ብሎ ሰይሞታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፍ ስምምነት በተደረሰበት የሥራ ስታቲስቲክስ መስፈርት መሠረት፣ በዋናነት ለቤቱ ፍጆታ የሚያመርት ሰው «ሥራ ላይ ያለ» ተብሎ አይቆጠርም፤ «ለራሱ ጥቅም የሚያመርት» በሚል ሌላ መደብ ይገባል። መስፈርቱ የተሠራው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠሩትን ከሌሎቹ ለመለየት ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን አንባቢ ጋዜጣ ላይ የሥራ አጥነት ቁጥር ሲያነብ ይህን ሊያውቅ ይገባል። እርሻው የአገሪቱ ምርት ውስጥ ይገባል፤ ያመረተው ሰው ግን ከሠራተኛው ቁጥር ሊጎድል ይችላል። ፖሊሲ ደግሞ የሚከተለው የተቆጠረውን ነው።

ደምበልና ካዛንቺስ አካባቢ የሚሠሩ፣ ገጠር ዘመድ ያላቸውና በመኸር መርዳት የሚፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ የምለው ከሒሳቡ የሚወጣ ነው። ማጭድ ይዞ የማያውቅ እጅ ፍሬ ያረግፋል፤ ለዚያ እጅ ነዶ መሸከምና ክምር ላይ ማቀበል ይሻለዋል። የምትሄዱ ከሆነ ምግባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዘመድ ከከተማ መጣ ብሎ ዶሮ የሚያርድ ቤት የሚያወጣው ወጪ ከምትሠሩት ይበልጣል። ጊዜ ከሌላችሁና ገንዘብ ካላችሁ ለመውቂያ ማሽን ኪራይ ወይም ለሁለት የቀን ሠራተኛ የሚሆን ላኩ፤ ያ በኅዳር የሚደርስ ጥሬ ገንዘብ ቤተሰቡ እህሉን በርካሽ ጊዜ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ተጣድፎ እንዳይሸጥ ሊያደርገው ይችላል። ዕድሩ ወይም የአገር ልጆች ማኅበሩ በአንድነት የሚረዳ ከሆነ ደግሞ ወንፈል የማይገቡትን ቤቶች፣ እናቶቹንና አዛውንቱን፣ ስም በስም ከቀበሌው ጠይቁ። መጠየቂያው ጊዜ ጥቅምት ነው፤ በኅዳር አጋማሽ የወንፈሉ ተራ ተይዞ ያልቃል።